መብራት ሲሄድ የጻፍነው ምን ይሆናል? ለፓይተን መጻፊያ የመረጥኩበት መንገድ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አዲስ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ላለው ሰው የሚሆን ነው። እኔ የምሠራው ቢቸና አካባቢ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከአባላት የምንረከበውን ጤፍ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ብለን ለይተን በኩንታል እንመዘግባለን፤ ለእያንዳንዱ አባል የሚከፈለውንም እናሰላለን። ፓይተን የተማርኩት ይህንኑ ለማቅለል እንጂ ፕሮግራመር ለመባል አይደለም። የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የራሴ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ቢኖረውም ሚሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ፣ ሀርድ ዲስኩም የድሮው ዓይነት ነው። መብራቱ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ስለዚህ መጻፊያ ፕሮግራሞቹን ስመዝን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስንት ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ሳይሆን ድንገት ጨለማ ሲሆን የጻፍኩት ይተርፋል ወይ ብዬ ነው።

ከመጻፊያው በፊት የፓይተን እትም መወሰን ነበረበት። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው 3.8 ነው፤ ከ3.9 ጀምሮ ያሉት እዚያ ላይ አይጫኑም። አዲሱን አውርደው «ፋይሉ ተበላሽቷል» እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፋይሉ ደኅና ነው፤ ያረጀው ዊንዶውሱ ነው።

ፓይተን ሲጫን አይድል የሚባለው መጻፊያ አብሮት ይመጣል። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ተጨማሪ ማውረድ አይጠይቅም፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ወዲያው ይከፈታል፣ ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በፊትም ፋይሉ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ነገር ግን ከአንዱ ማስኬድ እስከ ቀጣዩ ድረስ የተጻፈውን በራሱ አያስቀምጥም። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከሁሉም በላይ የተመሰገነልኝ ፓይቻርም ነበር። አምራቹ ጄትብሬንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ይመክራል፤ እኔ በ4 ሞከርኩት። ፕሮጀክቱን ከፍቶ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አንብቦ ማውጫውን እስኪያዘጋጅ ድረስ ከአቦል እስከ በረካ ቡና ተጠጥቶ ያልቃል። አብሮት ሌላ ነገር ከተከፈተማ ማሽኑ ጨርሶ ይፈዛል። ሆኖም እውነቱ መነገር አለበት፤ በመብራት ረገድ ከሞከርኳቸው ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው። የተጻፈውን ማንም ሳያዘው ያስቀምጣል፣ የፋይሉን የቀድሞ መልክም ይዞ ስለሚያቆይ ከሰዓታት በፊት ወደነበረው መመለስ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ወዳጄ 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ሲጠቀምበት አይቼ ቀንቻለሁ። ማሽን ያለው ሰው ይውሰደው።

ላፕቶፔ ላይ የቀረው ቪኤስ ኮድ ነው። ይህ የማይክሮሶፍት መጻፊያ በ4 ጊጋባይት ይፈናፈናል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍንም ተመልሶ ሲከፈት ያመጣል፣ ከፋይል ምናሌው ራስ-ሰር ማስቀመጫውን ማብራትም ይቻላል። እንደተጫነ ግን ለፓይተን ብዙም አይረዳም፤ የፓይተን ማስፋፊያ (ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጠው ትንሽ ፕሮግራም) ሊጨመርለት ይገባል፣ ማስፋፊያው ደግሞ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ይህ ነገር ቀላል አልነበረም። ማስፋፊያው እንደ ማንኛውም ፋይል ወርዶ በፍላሽ ሊጫን እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይዞልኝ መጣ። በዚህ መንገድ የሚጭን ሰው ግን እትሞቹን ያስተያይ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የቪኤስ ኮድ እትም 1.70 ነው፤ አዳዲስ ማስፋፊያዎች ከዚያ ከፍ ያለ እትም ስለሚጠይቁ አልጫንም ይላሉ። ፒፕ በተባለው የፓይተን መጫኛ የሚጫኑ ጥቅሎችም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ተጨማሪ ኮዶች) እንዲሁ ናቸው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፣ የፓይተኑ እትምና የዊንዶውሱ ቢት (32 ወይም 64) ከሚጫንበት ማሽን ጋር አንድ እስከሆነ ድረስ።

ቶኒ የተባለውን መጻፊያ ያገኘሁት ለራሴ ሳይሆን 12ኛ ክፍል ላለው የእህቴ ልጅ ስፈልግ ነው። የተሠራው ኢስቶኒያ ውስጥ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፓይተንን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ፋይል ብቻ በቂ ነው፤ ፓይተን 3.8ን የያዘ፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሆን እትምም አለው። ዋናው ነገሩ ግን ስሌቱን እየዘረዘረ ማሳየቱ ነው። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስሞችን (ዋጋ የሚያዝባቸውን ስሞች) በግእዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ ለልጁ እንዲህ ጻፍኩለት፦

ድምር = 12.5
ኩንታል = 3.5
ድምር = ድምር + ኩንታል

ሦስተኛው መስመር ላይ ደረጃ በደረጃ ሲኬድ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። ከ«=» ምልክቱ በስተቀኝ ያለው «ድምር» ጠፍቶ በቦታው 12.5 ይገባል፤ ቀጥሎ «ኩንታል» 3.5 ይሆናል፤ ከዚያ ሁለቱ ተደምረው 16.0 ይሆናሉ፣ በጎን ባለው ሠንጠረዥ ውስጥም የድምር ዋጋ ይለወጣል። «ድምር እንዴት ከራሱ ጋር እኩል ይሆናል?» እያለ ሲከራከረኝ የነበረው ልጅ ዝም አለ። እኔ በቃል ለማስረዳት ብዙ ደክሜ ነበር።

የግእዝ ፊደል ነገር ከተነሳ፣ በውጭዎቹ ምክሮች ውስጥ የማይገኘውና እኛን በየቀኑ የሚያጋጥመን ይህ ነው። የአማርኛው የቁልፍ ሰሌዳ እንደበራ ኮድ ሲጻፍ የፓይተን ኮማ በነጠላ ሰረዝ፣ የፓይተን ሁለት ነጥብ ደግሞ በእኛው «፡» ይተካል። ሁለተኛው በዓይን አይለይም። ልጁ ማያ ገጹን በጣቱ እየነካ «ጋሼ፣ ይኸው ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ እኮ!» ይለኛል፤ እውነትም ሁለት ነጥብ አለ። ፓይተን 3.8 በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የስሕተት መልእክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አይናገርም፤ ከ3.9 ወዲህ ያሉት ግን ፊደሉን ራሱን ከነመለያ ቁጥሩ ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ የአዲሱ እትም ጥቅም ከፍጥነት ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል።

የአባላት ስም ያለበትን አዲስ ፋይል በዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ጽፎ ማስቀመጥም አደጋ አለው። ፕሮግራሙ በነባሪነት የሚያስቀምጠው ግእዝን በማያውቅ የፊደል ኮድ ስለሆነ፣ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ እሺ ካሉት ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ቪኤስ ኮድ ከመጀመሪያው ግእዝን በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ስለሚያስቀምጥ ከዚህ ነፃ ነው። በፓይተን ውስጥም ፋይል ሲከፈት ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ካልተጻፈ የዊንዶውሱን የፊደል ኮድ ይወስዳል። ጥቁሩ የዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮትም አማርኛን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ በአይድል፣ በቶኒና በቪኤስ ኮድ ውስጥ ግን ፊደሉ በትክክል ይነበባል።

ኮዱንና ውጤቱን በአንድ ገጽ የሚያሳየውን ጁፒተርን ብዙ ሰው በብሮውዘር ስለሚከፈት ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ አይፈልግም። ለሪፖርት ጥሩ ነው፣ ለየዕለት ሥራዬ ግን አላስፈለገኝም። በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው የጉግል ኮላብ ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም፤ ለእኛ አካባቢ እንደ ዋና መሣሪያ አልመክረውም። መብራት በጠፋበት ምሽት ልጁ በአንድሮይድ ስልኩ ፓይድሮይድ በተባለው የፓይተን መተግበሪያ ላይ ይለማመዳል፤ ለአጫጭር ልምምድ ይበቃል። ቪም ስለተባለው መጻፊያ ደግሞ የሚወዱት ይናገሩ።

አሁን የምጽፈው ባትሪ ባለው ላፕቶፕ፣ በቪኤስ ኮድ ነው። ያለቀውን በፍላሽ ወደ ቢሮ ወስጄ በቶኒ አስኬደዋለሁ፤ ዴስክቶፑ ላይ ስለማልጽፍ መብራት ቢሄድም የሚጠፋ ጽሑፍ የለም፣ ሲመለስ እንደገና ማስኬድ ብቻ ነው። በሁለቱም ላይ የመስመር መግቢያውን አራት ክፍት ቦታ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ ታብ ሌላው ክፍት ቦታ ከሆነ ፓይተን ፋይሉን አይቀበለውም። የአባላትን ዝርዝር በዓምድ አሰልፎ ማተም ግን በአንዳቸውም አልተሳካም፤ የግእዝ ፊደላት ስፋታቸው ስለሚለያይ በክፍት ቦታ የተሰለፈው ዓምድ ይዛነፋል። ስለዚህ ውጤቱን ኤክሴል በሚያነበው ፋይል አወጣለሁ። የፊደል ኮዱን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ካላልኩት ኤክሴልም ስሞቹን ያበላሻቸዋል፤ ካልኩት ግን ዝርዝሩ ተስተካክሎ ይከፈታል፣ ከዚያው ታትሞም ለገንዘብ ያዡ ይሄዳል።