ቤቱ ባዶ ነበር እንዴ?

ሰው ፊት እየተጫወትን ለአልበማችን የቀዳነውን የመጀመሪያውን ምሽት ቅጂ ለጋሼ ሳሰማቸው ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዳመጡ። ጋሼ የባንዳችን ማሲንቆ ተጫዋችና ድምፃዊ ናቸው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁና «ቤቱ ባዶ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ባዶስ አልነበረም። ካዛንቺስ በነበረችው በዚያች ጠባብ ቤት መቆሚያ ጠፍቶ ሰዉ በር ላይ ተደራርቦ ነበር። ችግሩ እኔ ነኝ። ድራሙ ላይ ብቻ ስድስት ማይክ ተክያለሁ። ቤዝ (ይህ የኔ ነው)፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ የጋሼ ድምፅ፤ ሁሉም የየራሱ ቻናል ነበረው። ለሰዉ ማይክ መትከል ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

አጨዋወታችንን ለማያውቅ ይህ ቀላል ስህተት ይመስላል። እኛ ኖታ የለንም፣ የዘፈን ዝርዝርም የለንም። ከመድረክ በፊት የምንስማማው በምን ቅኝት እንደምንጀምር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጃዝም ይሆናል፣ ፈንክም ይሆናል፣ ጭክችካም ይሆናል። አዲስ ነገር ፈጠርን አንልም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው እኛ ሳንወለድ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አውጥቷል። አዝማሪውማ ከጥንትም ግጥሙን እዚያው ቆሞ ነው የሚያፈልቀው፤ ያውም ከሰዉ እየተቀበለ።

ያን ምሽት አንዲት ሴት ከጥግ «ተቀበል!» ብላ ግጥም ሰጠች። ጋሼ ተቀበሉ። ወርቁ ሲገባው ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ድራመራችን ሳቁን ሰምቶ ቆመ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከዚያ ድው አድርጎ ገባ። እዚያ ለነበረ ሰው የምሽቱ ምርጥ ቅጽበት ይህ ነበር። ቅጂው ላይ ግን ሳቁ የለም። አንድ ድራመር ያለ ምክንያት አራት ሰከንድ ይቆማል፣ በቃ። የረሳ ነው የሚመስለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግመን ቀዳን። አሁን ለሰዉ ሁለት ማይክ አለ፣ በድምሩ 14 ቻናል። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት ይህ በሰዓት ከ7 ጊጋ በላይ ይወስዳል፤ ዲስካችሁን ቀድማችሁ ባዶ አድርጉ። ሌላው ያልጠበቅኩት ነገር ጭብጨባው ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 10 ሜትር ርቆ የተተከለ ማይክ ሙዚቃውን የሚሰማው 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ሰው ምት አያውቅም» ብዬ ሰዉን ታዘብኩ። የሰዉን ማይክ ትራክ ያቺን ታህል ቀደም እንዲል ሳደርገው ጭብጨባው ከድራማችን ልክ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ከማይኮቹ ድምፅ የሚቀበለው መሣሪያ ግን የለውም። ጋሼና ሳክስፎኑ በጨለማ ቀጠሉ፣ ሰዉ በእጁ መታ፣ አንዱም አልተቀዳም። የባንዱ ልጆች ሁሉ ከተጫወትነው ምርጡ ያ ነበር ይላሉ። እኔ እንጃ። ያልተቀዳ ነገር ማን ይመሰክርበታል? ለማንኛውም አሁን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ገዝተናል።

የሙዚቃውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ ያስጨነቀን ክራሩ ነበር። ክራር በአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ነው መድረክ የሚወጣው፤ መሀል ላይ ቅኝት ልቀይር ካላችሁ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲቃኝ ሙዚቃው ይቀዘቅዛል። መላውን ያገኘነው በልምምድ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ብታስነሷቸው ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ስለዚህ ክራሩ አይነካም፤ እኔ በቤዝ ወደ ላ ወርጄ እዚያ እቀመጣለሁ፣ ቤቱ በሙሉ ባቲ ውስጥ ይገባል። ትዝታ ማይነርም ከሶል ሲነሳ አምባሰል ይሰጣል። አንቺሆዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አልገራልንም፤ ኪቦርዱ ዝም ሲል ነው የሚያምረው።

ከሁለቱ ምሽቶች አራት ሰዓት ሙዚቃ ተረፈን። አልበሙ 46 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ በማግስቱ ለመምረጥ ተቀመጥንና ልንጣላ ደረስን፤ እያንዳንዱ የራሱን ሶሎ ነው የሚሰማው። ወር ካለፈ በኋላ ስንመለስ ግማሹን ማን እንደተጫወተው እንኳ ረስተን ነበር፣ ያኔ ቀለለ። የእኔ የቤዝ ሶሎ የወደቀው በድምፅ ብልጫ ነው። አምስት ለአንድ።

የመብቱን ጉዳይ ግን አዘገየነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። እዚያው መድረክ ላይ ለተፈጠረ ዜማ ደራሲው ማነው? ስድስታችን እኩል ብለን ፈረምን፤ የፈረምነው ግን አልበሙ ካለቀ በኋላ ነው፣ ሁለት ሳምንት ከተኮራረፍን በኋላ። ከቀረጻው በፊት ቢሆን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስንጭነው ደግሞ ቅጹ የሙዚቃውን ዓይነት አንድ ብቻ ምረጡ አለን። ጋሼ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩና «አዝማሪ የሚል የለም?» አሉ። ጃዝ ብለን አለፍን።

ከመጀመሪያው ምሽት ያስገባነው አንድ ትራክ ብቻ ነው፤ ያ አራት ሰከንድ ዝምታ ያለበት። ቆርጬው ነበር፣ ድራመራችን «መልሰው» አለኝ። ስመልሰው ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማሁት፤ በማሲንቆው ማይክ በኩል ሳቁ ከሩቅ ሾልኮ ገብቷል። ከሳቁ በፊት ደግሞ የሴትየዋ «ተቀበል!» ይሰማል። በቤቱ ባለቤት በኩል አፈላልገን ፈቃዷን ጠየቅናት።

«ድምፄ ይሰማል?» አለችኝ።

«ትንሽ» አልኳት። «ስልኩን ከፍ አድርጊው።»