ሳዘርላንድ ድረስ ለአንዲት ነጥብ

የአክስቴ ልጅ ኬፕታውን ሱቅ አለው። ግንቦት ላይ ልጠይቀው ሄጄ ነው። «ባሕር ዳር ልውሰድህ?» ሲለኝ «ሳዘርላንድ ውሰደኝ» አልኩት።

«እዛ ደግሞ ምን አለ?»

«ኮከብ።»

ዝም ብሎ አየኝ።

መንገዱ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማቺስፎንቴይን ወደ ሰሜን ከታጠፍን በኋላ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥቋጦ፣ አጥር፣ በግ፣ በቃ። ብርድ አለ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብዬ ናቅሁት። ከመኪና ስወርድ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ሳዘርላንድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አለ። ትልቁ ቴሌስኮፕ፣ 91 መስታወት ተገጣጥሞ የተሠራው ሳልት፣ ለጎብኚ አይደለም። ለእኛ ትንንሾቹ ናቸው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ አስጎብኚያችን አንዱን ወደ ካሪና ኔቡላ፣ ከዋክብት መሀል ወዳለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ አዞረችልን። ዓይኔን ሳስጠጋ ግራጫ! ፎቶ ላይ የማውቀው ቀይ እሳት የለም፣ የማገዶ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ። የሰው ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም እንደማይለይ ነገረችን። ቀዩ ግን የፎቶ ማጭበርበር አይደለም። እዚያ ያሉት ግዙፍ ከዋክብት የሚረጩት አልትራቫዮሌት፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ የሃይድሮጂኑን ኤሌክትሮን ይነጥለዋል፣ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገባ ጋዙ ቀይ ያበራል።

ጭሱ ውስጥ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ አለች። ኤታ ካሪኔ። ከፀሐይ 100 እጥፍ ገደማ የምትከብድ ኮከብ ናት፣ እንዲህ ያለች ደግሞ ነዳጇን በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ትጨርሳለች፤ የራሷ ብርሃን ገፍቶ ገፍቶ ቆዳዋን ይገፍፋታል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆን ኸርሼል እዚሁ ኬፕታውን ተቀምጦ ሰማዩን ሲመዘግብ በፈረንጆቹ 1837 መጨረሻ ድንገት ደምቃ አገኛት፣ 1843 ላይማ ከሲሪየስ ቀጥላ የሰማዩ ሁለተኛ ደማቅ ኮከብ ሆነች። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት ነው። ከጎንደርም ደቡብ አድማሱ ላይ ዝቅ ብላ ትታያለች።

ያኔ ከ10 ፀሐይ የማያንስ ጋዝና አቧራ ተፋች። አልሞተችም! የተፋችው ግን ሁለት ፊኛ የተጣበቀ መስሎ እስካሁን በሰከንድ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተለጠጠ ነው። እኔ ነጥብ ያልኩት ራሱ ኮከቧ ሳይሆን ይሄ አቧራ ነው።

«አሁንስ ፈንድታ ይሆን?» አላት የአክስቴ ልጅ።

«ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 7,500 ዓመት ያህል ይፈጅበታል» አለችው እየሳቀች።

ትንሽ አሰበና፣ ጃኬቱን ለእኔ እንደሰጠኝ በሹራብ ብቻ፣ ተመልሶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።