ቤዝ ይዛችሁ ጃም ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይዛችሁ ጃም ሴሽን (ማንም ሙዚቀኛ ተመዝግቦ ከቤቱ ባንድ ጋር የሚጫወትበት ምሽት) ልትገቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። ጊታሪስቶች ሁለት ሶስት ሆነው ይወጣሉ፣ ሳክስ ቢደረብ ማንም ምንም አይልም፣ ቤዝ ግን አንድ ነው። እናንተ እንድትወጡ የቤቱ ቤዚስት መውረድ አለበት፣ አምፑም (የቤዙ ድምፅ ማጉያ) የሱ ነው፣ ሂሳብ የሚከፈለውም ለሱ ነው። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ።

ቦታ ማግኘቱ ያን ያህል አይከብድም፣ የድሮ ጥቆማ ብቻ አትመኑ። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝ አምባ፣ በ2007 ጥር ላይ ተቃጥሏል፣ ፈንድቃ የሚባለው የሙዚቃ ቤትም ካዛንቺስ ሲፈርስ ከነበረበት ተነስቷል፣ ኢንተርኔት ላይ ግን እስከዛሬ እዛው ሂዱ የሚል ሞልቷል። የሚሻለው ሙዚቀኛ መጠየቅ ነው፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካወቃችሁ እሱን ጠይቁት፣ ከዛ በቀኑ ከሰአት ደውላችሁ አረጋግጡ ምክንያቱም ቀኑ ይቀያየራል፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሙዚቃውን ጭራሽ የሚያቆሙ ቤቶች አሉ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱና የድራመሩ እግርና የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ የሚታይበት ቦታ ተቀመጡ። ለምን ግራ እጁ እንዳልኩ እመለስበታለሁ።

የራሳችሁን ጃክ ያዙ፣ ቤዛችሁ አክቲቭ (በባትሪ የሚሰራ) ከሆነ ትርፍ ባትሪ ያዙ። ታክሲ ላይ ወያላው ለቤዙም ክፈሉ ካለ ከፍላችሁ ግቡ፣ ከሱ ጋር ተጨቃጭቆ የጋለ ጭንቅላት ይዞ መድረክ ከመውጣት ይሻላል።

ዝግጅት ላይ ግን ከአስተማሪዎች ጋር አልስማማም። ስታንዳርድ (የታወቁትን የጃዝ ዜማዎች) አጥኑ፣ ዎኪንግ (በየምቱ አንድ ኖታ እየረገጠ የሚሄደውን የጃዝ ቤዝ) ተለማመዱ ይሏችኋል። ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ከተማ ጃም ላይ ሰአቱ ገፋ ሲል የሚመጣው የችክችካ ምት ነው፣ ዘፋኝ ከወጣ ደግሞ ቅኝት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ በሁሉም ኪይ (መነሻ ድምፅ) እጃችሁ ላይ አስገቡ። ትዝታ ሜጀር ላይ አራተኛና ሰባተኛ ኖታ የለም። አምባሰል ላይ ሶስተኛ የሚባል ነገር የለም፣ ከጃዝ ልምድ የመጣ ሰው ሶስተኛ ጣል ሲያደርግ ወዲያው አምባሰልነቱ ይጠፋል። አንቺሆዬ ደግሞ ለቤዝ ከሁሉም ይከፋል፣ ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። አምስተኛው ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው፣ እጃችን የለመደው ሩት (መነሻው ኖታ) እና አምስተኛ እዛ አይሰራም። ለጆሮ የአይቤክስና የሮሃ ባንዶችን ካሴቶች ስሙ፣ ቤዚስታቸው ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን የት እንደሚያስቀምጠውና የት ዝም እንደሚል ልብ በሉ፣ እኔ ከዛ ያገኘሁትን ከየትኛውም ሜቶድ መፅሀፍ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ግራ እጁ። ቤቱን አልጠራም። በጊዜ ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ፣ ዝርዝር የሚይዘው አዘጋጅ «ትንሽ ጠብቅ ወንድሜ፣ አሁን እጠራሃለሁ» አለኝ፣ ከኔ በኋላ የመጡ ጊታሪስቶች ወጥተው ወረዱ፣ ሁለት ዘፋኝ ወጣ፣ እኔ ቢራዬ ሞቆ «አሁን አሁን» እየተባልኩ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰው ሊበተን ሲል ጠራኝ። ዘፋኟ አንቺሆዬ አለች፣ ኪዩን ለኪቦርዲስቱ በጆሮው ነገረችው፣ ለኔ የነገረኝ የለም፣ እጁን አይቼ ያዝኩት። ተጀመረ፣ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ከታች አላነሳም። እኔ ዝቅ ያለውን አምስተኛ እይዛለሁ፣ እሱ በዛው ቦታ ትክክለኛውን አምስተኛ ኦክታቭ አድርጎ ይደበድባል፣ ሁለቱ ግማሽ ቶን ተራርቀው እታች ሲጋጩ ቤቱ በሙሉ ጎረበጠው፣ ኖታ ሳይሆን ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚወጣው። ዘፋኟ ዞር ብላ ያየችው ማንን ነው? እኔን። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ቤዚስቱ ነው የሚታየው። ያ ዝርዝር ያዡ ከታች ሆኖ «ቤዙን ቀንስ!» እያለ በእጁ ያሳያል፣ ሳውንድ ማኑም ቻናሌን ዘጋው፣ የቀረውን ዘፈን በሙሉ የማይሰማ ቤዝ ስጫወት ጨረስኩ። ስወርድ ዝርዝር ያዡ «ቅኝት ተለማመድ እሺ» አለኝ። ትክክለኛውን ኖታ የያዝኩት እኔ ነኝ! እስከዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ኪቦርዲስቱን ግን ብዙም አልወቅስም። ካሴት በኪቦርድና በድራም ማሽን ብቻ በሚሰራበት ዘመን ያደገ ሰው ነው፣ ናይት ክለብ ውስጥ ለብቻው ሙሉ ባንድ ሆኖ ሲያመሽ ቤዙ የግራ እጁ ስራ ነበር፣ ቤዚስት አጠገቡ ቢቆምም እጁ በልማድ ይወርዳል። ጥፋቱ ይሄን እያወቀ ሰውን አገናኝቶ ሁለት ቃል የማያናግር አዘጋጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ኪቦርዲስቱን ራሳችሁ አግኙት፣ አዘጋጁን አትጠብቁ። እኔ አሁን ሄጄ «ጋሼ፣ ታች ያለውን እኔ ልያዘው? እርስዎ ከመሀል ይሁኑልኝ» እላለሁ፣ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም፣ እንዲያውም ደስ የሚላቸው ይበዛሉ። ኪዩንም ከዘፋኙ በቀጥታ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። የቤቱን ቤዚስት ሰላም በሉት፣ የአምፑን ሴቲንግ ሳትጠይቁ አትንኩ፣ ስትወርዱ ቮልዩሙን ወደነበረበት መልሱለት፣ ቀጣዩን ሳምንት ዝርዝሩ ላይ ከፍ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሶሎ ቢሰጧችሁም ለሌላ አሳልፉ፣ ከድራመሩ እግር ጋር ብቻ ተጣበቁ። ከምሽቱ ሶስት ሰአት በፊት ተመዝግባችሁ እስከ አምስት ሰአት ካልጠሯችሁ ደግሞ ቤዛችሁን አንስታችሁ ሂዱ፣ እንደዛ የሚያስጠብቅ ቤት መድረክ ላይም ቦታ አይሰጣችሁም።