ጦሳ ጉሙን አላወለቀም

ከጠዋት ጀምሮ የደሴው ተራራ ጦሳ በጉም እንደተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለው ቀን እንደኔ ሌንስ ለሚያደርግ ዓይን ደግ ነው፤ የዓይን ጠብታው ሁሉ ይረሳል። እኔን ግን ከፍቶኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሻንጣው አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እታለም ደውላ «ከኮምቦልቻ አዲሳባ አንድ ሰዓት ለማይሞላ በረራ ፋርማሲ ሙሉ ትሸከማለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰዓቱ አይደለማ፣ አየሩ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን የፊቱ ግልፅ ሽፋን፣ ደግሞ ደም ስር የላትም፤ ኦክስጅኗን የምትስበው በእንባዋ በኩል ከአየር ነው። ኬራቶኮነስ የሚባለው የዓይን በሽታ ሲሆን ኮርኒያው ሳስቶ ወደ ፊት ይሾላል፤ ሌንስ ይደረግበታል፤ እንባው ሲደርቅ ሌንሱ መቆርቆር ይጀምርና እጅ ሳይታዘዝ ለማሸት ይነሳል። ማሸት ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል።

ስለዚህ ከቀበቶው በፊት ከራስ በላይ ያለችው የአየር ማውጫ ወደ ጎን ትዞራለች። ጠብታው ማቆያ ኬሚካል የሌለበት፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ትንሽዬ ባለ 0.4 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ የሚያዘውም ኪስ ውስጥ ነው፣ የሚጫን ሻንጣ ይጠፋል። የተከፈተችዋን ለነገ ማሳደር የለም። የዓይኑ ነጭ ላይ የሚያርፈውን ትልቁን ሌንስ ለሚያደርግ ነገሩ ይከብዳል፦ ሌንሱ ጢም ብሎ በጨው ውሃ ይሞላል፣ ፊት ወለሉን እስኪያይ ይጎነበሳል፣ ከሥሩ አንዲት አረፋ ከቀረች ወጥቶ እንደገና ነው። ይህን በሚወዛወዝ ሽንት ቤት የሚሞክር ጀግና ነው። የቧንቧ ውሃማ ሌንስ አይነካም፤ ኮርኒያን የሚበላው፣ አካንታሚባ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣው ከውሃ ነው። ረጅም በረራ ከሆነ አውልቆ በመነፅር መሄድ ይሻላል፣ የወንበሩ 8 ቁጥር 3 ቢመስልም።

እንቅልፍ የወሰደው ሰው ደግሞ ሲነቃ ዓይኑን ድንገት አይክፈት። ቆቡ ከደረቀው ኮርኒያ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ሽፋኑን ይዞት ይነሳል። እንደተጨፈነ ዓይኑን ግራ ቀኝ ያንከባልል፣ ጠብታ በአፍንጫው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ ያስገባ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይግለጥ።

ስለ ግፊቱ ሳስብ ነው ሻንጣውን የረሳሁት። ካቢኔው፣ ማለትም የተሳፋሪው ክፍል፣ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ በ8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፣ 2,400 ሜትር ግድም። ደሴ እኮ 2,500 አካባቢ ናት! ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ሳይሳፈር ተሳፍሯል ማለት ነው። ለደረቀ ዓይን ይህ ምንም አይደለም። የኮርኒያው የውስጥ ሽፋን ብቻ ተተክቶለት አዲሱን ሽፋን ደግፋ የምትይዝ የአየር ወይም የጋዝ አረፋ ዓይኑ ውስጥ ላለችበት ሰው ግን ነገር ነው። ከፍታ ሲጨምር አረፋዋ ትለጠጣለች፣ የዓይን ግፊት ይነሳል፣ ማየትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። አየር ከሆነች በቀናት ትጠፋለች፤ ጋዝ ከሆነች ትቆያለች። ሐኪሙ ጠፍታለች እስኪል በረራ የለም።

ታዲያ «አውሮፕላን ከተከለከልኩ ከአዲሳባ በመኪና እመጣለሁ» የሚል አይጠፋም። ደብረ ብርሃን 2,800፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ! መንገዱ ከካቢኔው ይበልጣል። አውሮፕላን እንጂ ዳገት ብሎ የሚከለክል ሐኪም ስንት አለ? እሺ፣ በሌላ መንገድ እንኳ ኮምቦልቻ ቢደርስ፣ ቤቱ ደሴ የሆነ ሰው 1,850 ላይ ዘመድ ቤት ተኝቶ አረፋ ሲጠብቅ ይክረም?

እታለም ድጋሚ ደወለች። «ዘጋኸው?» ዘግቼዋለሁ፣ ዚፑ እንኳን አልቆ ነበር። የሌንሱ ማሳደሪያ ከሁሉም ሥር ተቀብሯል፤ ሌንሱ ግን እዚሁ ዓይኔ ላይ ነው።