ቁልፉ ኪሳቸው ነበር

"የሞተሩ ቁልፍ ተዘግቷል ጋሼ?" አልኳቸው።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና አንቃጨሉልኝ። "ይኸው!"

ለእኔ ይህ በቂ ነበር። በቂ መምሰሉ ነው ጉዱ።

ጋሼ አውሮፕላናቸውን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ፤ በትርፍ ሰዓቴ እንዲህ ቤት ውስጥ የተሠሩትን አያለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ሊበሩ ተዘጋጅተው፣ ማስነሻ የሚሆን ቤንዚን በእጅ ፓምፕ ለሲሊንደሮቹ አጠጥተው ሳለ ከሞተሩ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ አዩ። ትተውት ጠሩኝ። ቤንዚን ማጠጣታቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሞተሩን የታችኛውን ሽፋን ለማውጣት ፕሮፔለሩ አግድም መሆን አለበት። እሱ ግን ሽቅብና ቁልቁል ነበር የቆመው። ሩብ ዙር ማዞር ብቻ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። የእጅ ባትሪዬን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና የፕሮፔለሩን ክንፍ፣ ብሌዱን፣ በሁለት እጄ ይዤ ሳብ አደረግኩት።

"ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ፕሮፔለሩ ከእጄ ተመነጨቀ።

አንድ ዙር፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ዞሮ ቆመ። እኔ ወደ ኋላ ስንገዳገድ ባትሪው ከብብቴ ሾልኮ ነበር፤ ብሌዱ አየር ላይ አገኘውና ግድግዳው ላይ በተነው። መስታወቱን ያገኘነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ከመደርደሪያ ጀርባ። ቆሜ ጣቶቼን ቆጠርኩ። ሳላስበው ነው፣ ግን ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ።

ጋሼ ቁልፉን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። "ዘግቼዋለሁ እኮ!" ይላሉ ደጋግመው።

እውነታቸውን ነው፣ ዘግተውታል። መኪና የለመደ ሰው ግን እዚህ ጋ ይሳሳታል። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ የባትሪ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሲዞር ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ቁልፉ ሲዘጋ የሚሆነው ነገር፣ ያ ኤሌክትሪክ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በአንዲት ቀጭን ሽቦ አልፎ ወደ ሞተሩ ብረት እንዲፈስ ማድረግ ነው። ማጥፋት ማለት እዚህ መቁረጥ ሳይሆን ማገናኘት ነው። ሽቦዋ ከተበጠሰች ማግኔቶው አይጠፋም። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይሁን ባሕር ውስጥ፣ ለእሱ ያው ነው።

"ቀጭ" ያለው ደግሞ ከሁለቱ የግራው ማግኔቶ ስፕሪንግ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም እሳት እንዲሰጥ ይወጠርና በቅጽበት ይለቀቃል። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ እኔም በእጄ የሠራሁት ያንኑ ሥራ ነው።

ሽፋኑን ስናወጣ የግራው ሽቦ ጫፉ ላይ ተበጥሶ አገኘነው። ላስቲኩ ምንም አልሆነም፤ ለሚያየው ሰው ደህና ሽቦ ነው። በፒንሳ ያዝ አድርጌ ጎተት ሳደርገው ወልቆ መጣ።

ጋሼ ስለ ፕሮፔለር የማያውቁ ሰው እንዳይመስላችሁ። የእሳቸው የእንጨት ነው፣ 1.8 ሜትር። ወቅት በተቀየረ ቁጥር ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ ይፈትሻሉ፤ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ብሎኑ ይላላል። በደቂቃ 2,700 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ ከ250 ሜትር በላይ እንደሚሄድ በቃላቸው ያሰሉልሃል። በ1908 ኦርቪል ራይት ሲያበራት የነበረችው አውሮፕላን ፕሮፔለሯ ተሰንጥቆ ሽቦ መትቶ እንደወደቀች፣ አብሮት የተሳፈረው ሌፍተናንት ቶማስ ሰልፍሪጅ በሞተር አውሮፕላን አደጋ የሞተ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነም ስንቴ ነግረውኛል። ያ ሁሉ ፍርሃታቸው ግን ለሚሽከረከረው ነበር። የቆመውንማ እንደ በር እጀታ ነው የሚይዙት፤ አውሮፕላኑን ወደ ሀንጋር የሚስቡት ብሌዱን ይዘው ነው። የልጅ ልጃቸው ያግዛቸዋል።

እሳቸውን መውቀስ ለእኔ አያምርም። ፕሮፔለር በነካሁ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል ብዬ መያዝ፣ ጎማው ላይ ታኮ ማድረግ፣ ሰውነቴን ብሌዱ ከሚዞርበት ማራቅ፣ ይሄ የሥራዬ ሀ ሁ ነው። ብብቴ ሥር የእጅ ባትሪ ይዤ ነው የሄድኩት።

"ከመነሳትዎ በፊት ማግኔቶዎቹን ይፈትሻሉ?" አልኳቸው።

"እንዴታ!" አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ማግኔቶው ሁለት ነው፤ አንዱን ስታጠፋ እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ካንዴላ ብቻ ስለሚያቃጥል የሞተሩ ዙር ትንሽ ይቀንሳል። ብዙ ከቀነሰ ችግር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ጭራሽ ካልቀነሰስ? ያጠፋኸው የመሰለህ ማግኔቶ አልጠፋም ማለት ነው። ጋሼ ሞተሩን የሚያቆሙት ደግሞ እንደ ደንቡ ቤንዚኑን በመዝጋት ስለሆነ፣ ቁልፉ ሞተር አጥፍቶ አያውቅም። አሁን ከበረራ ሲመለሱ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ለአፍታ ቁልፉን ዘግተው መጥፋት መጀመሩን ያያሉ።

ደብተራቸውን አመጡልኝ። የእያንዳንዱ በረራ የግራና የቀኝ ፍተሻ፣ ስንት ዙር እንደቀነሰ፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። 80፣ 90፣ 80፣ 85። ከዚያ አንደኛው ረድፍ ላይ 0። ቀጥሎም 0። ቁልቁል ቆጠርኩ፤ 11 በረራ።

ከመጀመሪያው ዜሮ ጎን በቀይ እስክሪብቶ "በጣም ጥሩ!" ይላል።