ሰማያዊዋ ቮልስ እና የተሰነጣጠቀው ኮፈን

ወንድሜ ባለፈው ጥምቀት ከአሜሪካ ሲመጣ፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራትን ተገጣጣሚ የቮልስዋገን ሞዴል ይዞልኝ መጣ። መኪናዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1966ቷ ቮልስ 1300 ናት። ልኬቷ አንድ ሃያ አራተኛ በመሆኑ፣ አራት ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት እውነተኛዋ መኪና ጠረጴዛዬ ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆና ትቀመጣለች። በልጅነታችን አባታችን ትምህርት ቤት ያደርሰን የነበረው በሰማያዊ ቮልስ ስለነበር፣ ምን ቀለም እንደምትቀባ መነጋገር እንኳ አላስፈለገንም።

በመገጣጠሙ ላይ የሠራኋቸው ስህተቶች ቶሎ የታረሙ ስለሆኑ ብዙ አልልባቸውም። ክፍሎቹን ከተያያዙበት የፕላስቲክ ዘንግ በእጄ እየጠመዘዝሁ በመገንጠሌ የኋላው ፓራውልት ጫፍ ጎደለ፤ አሁን በትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ራቅ አድርጌ እቆርጥና የቀረውን ጉጥ በስለት አስተካክላለሁ። መስታወቱን ቦዲው ቀለም ሳይቀባ መግጠሜ ራሱ ስህተት ሆኖ ሳለ፣ ያጣበቅሁት ደግሞ በሱፐር ግሉ ነበር። የዚህ ማጣበቂያ ትነት ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ነጭ ጉም ይተዋል፤ እኔም ነቅዬ በጥርስ ሳሙና ደጋግሜ መወልወል ግድ ሆነብኝ። ለመስታወት የሚስማማው ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

በሰፊው ልናገርበት የምፈልገው ቀለሙን ነው። የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ ይዞ መምጣት አይፈቀድም፤ ስለዚህ መርካቶ ሄጄ ለእውነተኛ መኪና የሚሸጠውን ሰማያዊ ስፕሬይ ገዛሁ። ከቀለም በፊት እንደ መሠረት የሚቀባውን ፕራይመር ሳላስቀድም፣ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ርቀት፣ በአንድ ጊዜ እንዲሸፍንልኝ ብዬ ኮፈኑ ላይ አርከፈከፍሁት። ለጥቂት ሰከንዶች እንደ መስታወት አብረቀረቀ፤ ወዲያው ግን በበጋ እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ በቀጫጭን መስመሮች መሰነጣጠቅ ጀመረ። ደንግጬ ላስተካክለው በጣቴ ስነካው አሻራዬ እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ታተመ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። ሞዴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። የሞዴል ማጣበቂያ ሁለት ክፍሎችን የሚያያይዘው የሁለቱንም ገጽ በጥቂቱ አሟሙቶ በማዋሃድ ሲሆን፣ በመኪና ቀለም ውስጥ ያለው ጠንካራ ቲነርም በፖሊስታይሪን ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀለሙ በስሱ ሲረጭ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፤ በወፍራሙ ሲፈስ ግን ሳይተን ስለሚቆይ ፕላስቲኩን ለመብላት ጊዜ ያገኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ፕላስቲኩን ያለ መከላከያ ተውሁት፣ ቀለሙንም አበዛሁበት።

በሰፈራችን መኪና ሲቀቡ የኖሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ቦዲዋን ይዤ ስሄድ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃን አዞሩዋትና፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ኮፈኑን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ልጄ፣ ዓይንህን አትመነው። ስትዳስሰው ምንም ካልተሰማህ ያን ጊዜ ቀባው» አሉኝ።

በሰጡኝ ምክር መሠረት ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስሁ ስንጥቁ እስኪጠፋ ፋቅሁ፤ ቀጥሎም የፍቀቱን ጭረት ይበልጥ በሚለሰልሰው ባለ 1000 አለሰለስሁት። ይህ ሁለት ምሽት ፈጀ። ስፍቅ የበርና የኮፈን መስመሮች እየደበዘዙ ስለሄዱ፣ በስለቱ ጫፍ ጀርባ ቀስ እያልሁ መልሼ ማውጣት ነበረብኝ። በመጨረሻም ቦዲዋን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ፣ የእጅ ቅባት እንዳይነካት ከውስጥ በኩል በእንጨት ደግፌ ያዝኋት።

በዚህ ጊዜ ወደ መኪናዋ አልቸኮልሁም። የሚጣሉ የፕላስቲክ ማንኪያዎች ጀርባቸው እንደ ቮልስ ኮፈን የጎበጠ ስለሆነ፣ ፕራይመሩንም ሰማያዊውንም በእነርሱ ላይ ሞከርሁ። የስፕሬዩን ቆርቆሮ እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት በውስጡ ያለውን ግፊት ስለሚጨምረው ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። ርቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መርጨት የሚጀመረው ከቦዲው ውጭ፣ የሚቆመውም ቦዲውን ካለፉ በኋላ ነው፤ አለዚያ በጅማሬውና በመጨረሻው ላይ ቀለሙ ተጠራቅሞ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቅብ ሥሩ ያለውን ግራጫ ፕራይመር እስኪያሳይ ድረስ ስስ መሆን አለበት። ይህ ለዓይን ደስ ስለማይል እጅ ልጨምር ልጨምር ይላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የከበደኝም እዚህ ላይ ማቆም ነበር።

ሦስተኛውን ቅብ የረጨሁት በነሐሴ፣ ዝናብ ባለበት ከሰዓት በኋላ ነበርና ጣሪያው ላይ ወተት የመሰለ ጭጋግ አረፈበት። ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ይሆናል። ስነካው ኖሮ እንደገና አበላሸው ነበር። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ስስ ቅብ ደገምሁበትና ሰማያዊው ተመለሰ።

አሁን ቦዲዋ አቧራ እንዳይነካት በተገለበጠ ካርቶን ሥር ናት። ወንድሜ ፎቶ ላክልኝ እያለ በየቀኑ ይደውላል። ትናንት ካርቶኑን አንስቼ አሸተትኋት፤ አሁንም ቲነር ቲነር ትላለችና መልሼ ከደንኋት።