ሁለት ስንት ነው?

እሑድ ማታ ነው። የዳኝነት ሸሚዜን ላጥብ ቦርሳዬን ስገለብጥ አረንጓዴው የእጅ ማሰሪያ ብቻ ወደቀ፤ ቀዩ የለም። ላዩን ላየው ሰው ላብ መጥረጊያ ጨርቅ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሬስሊንግ (የትግል ግጥሚያ) ዳኛ ግን አንደበቱ ነው። አረንጓዴ ያሰረው እጄ በጣቶቹ ቁጥር አሳይቶ ሲነሣ ነጥቡ የባለ ሜዳው ልጅ ይሆናል፣ ቀይ ያሰረው ሲነሣ ደግሞ የእንግዳው። ለሚመጣው ሐሙስ ሌላ ግጥሚያ ተመድቤአለሁ። ስለዚህ ሽሮውን ጣድኩና ቀዩን ፍለጋ ተነሣሁ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ምክንያቱ ያልገባኝ ድብርት ተጭኖኝ ስለ ዋለ፣ ብዙም ሳልፈልግ ባዶውን ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያም ስለ ሁለት ሴኮንድ ማሰብ ጀመርኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከሴንት ፖል አንድ ሰዓት ያህል በሚያስነዳ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሜኒሶታ በጃንዋሪ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ ውጪው አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ፣ የጂምናዚየሙ ውስጥ ደግሞ የፖፕኮርን፣ የላብና የምንጣፍ ማጽጃ ሽታ የተቀላቀለበት ሙቀት ነው። የአንድ መካከለኛ ክብደት ግጥሚያ ሦስተኛ ዙር ሊያልቅ አርባ ሴኮንድ ያህል ሲቀረው ባለ ሜዳው ልጅ 7 ለ5 ይመራ ነበር። እንግዳው ድንገት ክንዱን ከብብቱ ሥር አሾልኮ ማጅራቱን ያዘና ገለበጠው። ሁለቱም ትከሻዎቹ ለሁለት ሴኮንድ ምንጣፉን ከነኩ ተሸነፈ ማለት ነውና፣ ያንን ለማየት ወዲያው በሆዴ ተኛሁ፤ ጉንጬ ምንጣፉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የልጁ ግራ ትከሻ ተጣብቋል፤ ቀኙ ግን ይነሣል፣ ይወርዳል፤ በተነሣ ቁጥር በሥሩ የወዲያኛው መብራት እንደ ክር ቀጥኖ ይታየኛል። ክሩ ጠፋ። አንድ። ሁለት። ምንጣፉን በመዳፌ መታሁና ፊሽካዬን ነፋሁ። መዳፌ ምንጣፉን ሲነካ ክሩ ተመልሶ መጣ፤ ወይም ከመንካቱ በፊት መጣ፤ ወይም ጭራሽ አልመጣም፣ ኋላ በሐሳቤ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጀርባ አስነክቶ ያሸነፈ ልጅ ለቡድኑ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ባለ ሜዳው መሪነቱን ይዞ ቢጨርስ ኖሮ ግን ለእነርሱ 3 ይሆን ነበር። በድምሩ የዘጠኝ ነጥብ ልዩነት ነው፤ ባለ ሜዳዎቹ በመጨረሻ የተሸነፉት ደግሞ በአራት። በዚያ አዳራሽ ይህን ሂሳብ ያልሠራ ሰው አልነበረም። አሰልጣኙ ወደ ነጥብ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ መጣ። ሕጉ በስሕተት ተተርጉሟል ብሎ መከራከር ይችላል፤ ዳኛው በዓይኑ ያየውን መሞገት ግን አይፈቀድለትም፤ ሰውየው ይህንን ስለሚያውቅ ጥቂት አየኝና ተመለሰ። ልጁ ግን የአሸናፊውን እጅ ላነሣ ሁለቱን መሐል ምንጣፍ ላይ ሳቆማቸው ቀና ብሎ፣ እጅግ በትሕትና፣ «ሁለት ሞልቶ ነበር?» አለኝ። «ሞልቷል» አልኩት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከ መኪናዬ ድረስ እንኳ አብሮኝ ባልሄደ።

ሕጉ ላይ ምንም ብዥታ የለም፤ ሁለቱም ትከሻዎች ሳይቋረጥ ለ2 ሴኮንድ ምንጣፉን መንካት አለባቸው። በኮሌጅ 1 ሴኮንድ ይበቃል። በኦሎምፒኩ ትግል ደግሞ ዳኛው ቁልጭ አድርጎ እስኪያይ ድረስ ከያዘው ያበቃል፤ ያም ሆኖ ሌላ ዳኛ ሳያጸድቀው አይታወጅም። እኔ ግን ምንጣፉ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ሴኮንዱንም የምቆጥረው በሆዴ ነው። ሥልጠና ላይ «ዋን ታውዘንድ ዋን፣ ዋን ታውዘንድ ቱ» እያላችሁ ቁጠሩ ብለውናል፤ የአንዱ ልጅ ጀርባ ወደ ምንጣፉ ሲቀርብ ክንዴን እያወዛወዝኩ በግልጽ የምቆጥረውንም በዚሁ ነው የምቆጥረው። ያ ቆጠራ ከ2024–25 የውድድር ዘመን ወዲህ ለ2 ሴኮንድ 2፣ ለ3 ሴኮንድ 3፣ ለ4 ሴኮንድ 4 ነጥብ ስለሚያሰጥ ሰው ሁሉ ክንዴ ላይ ያፈጥጣል። (በዚያው ዘመን ተጋጣሚን ጥሎ መያዝ ከ2 ነጥብ ወደ 3 ከፍ ብሏል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት አባቶች ግን እስከ ዛሬ «ቱ! ቱ!» እያሉ ይጮኻሉ።) የመጨረሻዋ ቆጠራ ግን በአፍም በእጅም የማትገለጥ፣ በውስጥ ብቻ የምትነገር ናት፤ ሐሙስ ማታ በመኪናዬ ስመለስ መላልሼ ሳስታውሳት፣ የቆጠርኳት በአማርኛ መሆኑ ታወቀኝ።

ይህ ግኝት እንቅልፍ ነሥቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ስንት ዓመት ሙሉ የቤት ኪራዬን፣ ግብሬን፣ የሥራ ሰዓቴን በእንግሊዝኛ ስደምር ኖሬ፣ ልክ በሆዴ ስተኛና ልቤ ሲመታ ያገር ቤቱ «አንድ፣ ሁለት» ተነሥቶ ቦታውን ይይዛል። «አንድ» ሲቸኩሉባት ከትንፋሽ አትበልጥም። «ሁለት» ደግሞ መጨረሻዋ ላይ ምላስ ከጥርስ ሲገታ እጅም አብሮ ምንጣፉን ሊመታ ይነሣል። «አንድ ሺህ አንድ» እያለ የሚቆጥር ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሕግ በአማርኛ ስቆጥርበት ያ ልጅ የጎደለበት ስንት ነው?

ቆጠራ የሚባል ነገር ያልነበረበት ሜዳም ትዝ አለኝ። ከብት ስንጠብቅ ትግል የምንገጥመው ከዝናብ በኋላ፣ ሣሩ ሲለሰልስ ነበር። ጀርባው ሣር የነካ ተጣለ፤ የሁለት ሴኮንድ ይግባኝ አልነበረም። ዳኛው በዕድሜ የሚበልጠን፣ ዱላ የያዘ እረኛ ነበር፤ አድልቶብኛል ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ከተገኘም የገናውን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ለትግሉ ተውሰን እንዘፍንበት ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ምንጣፉ ላይ የሚገጥሙትን «ታጋይ» ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ቃሉ በእኛ ዕድሜ ሌላ ሥራ ሲሠራ ስለ ኖረ ለአሥራ ስድስት ዓመት የአሜሪካ ልጅ አልሆን አለኝ። «ልጆቹ» ይበቃል።) እንግሊዝኛው ለችሎቱና ለሜዳው ለየብቻ ስም አለው፤ በእኛ ግን ጥቁር ካባ የለበሰውም ፊሽካ የያዘውም ያው ዳኛ ነው። ይህ ይሆናል እንዲህ የሚከብደኝ።

ባለፈው ክረምት ከአግዳሚው አናት ላይ በጠራ አማርኛ «ኧረ አንገቱን! አንገቱን! ይኼ ዳኛ ዕውር ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ በዚያ አዳራሽ የሚሰማት ሰው ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም። ግጥሚያውን ላስቆም ፊሽካዬን ልነፋ ስል ለራሴ ታወቀኝ፤ የልጁ አንገት ምንም አልሆነም ነበር፤ ያስደነገጠኝ አማርኛው ነው። ያንን ለማካካስ ይሁን እንጃ፣ ልጇ በአንድ ነጥብ እየመራ ወደ ምንጣፉ ጠርዝ ማፈግፈግ ሲያበዛ ሰዓት በመግደል ቀጣሁት። ሰዓት መግደል ከሕጎቹ ሁሉ ለዳኛው ስሜት የተተወ ሕግ ነው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለተጋጣሚው አንዳንድ ነጥብ ያስገኛሉ፣ አራተኛው ሁለት፣ አምስተኛው ያሰናብታል። ማስጠንቀቂያውን ቀድሞ ወስዶ ስለ ነበር ነጥብ ሰጠሁበት፤ እኩል ሆኑ፤ በአንድ ደቂቃዋ ጭማሪ ተሸነፈ። ስወጣ እናቱ በር ላይ አገኘችኝና ገጼን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ጋሼ! ሐበሻ ኖት እንዴ? ይቅር ይበሉኝ፤ ሰምተውኛል ማለት ነው!» አለች። «ምንም አይደል፣ የእናት አንጀት ነው» አልኳት። እርሷ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔ ስለ ነጥቡ አልጠየቅኋትም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ይባል የለ? ልጁ ጭብጦዋን ረስቷት ይሆናል። እኔን ግን ወሳጁ ሆኜ ታንገበግበኛለች።

የዳኛ ሥራ ከምንጣፉ በፊት እንደሚጀምር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ልጆቹ ለሚዛን ሲሰለፉ ቆዳቸውን አያለሁ፤ ጭርት ወይም የሚጋባ ቁስል ያለበት ልጅ የሐኪም ወረቀት ከሌለው አይገጥምም፤ ጥፍራቸውንም እዳብሳለሁ። ጸጉርም ነበረበት። በዲሴምበር 2018 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ነጭ ዳኛ ለአንድ የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ድሬዱን ካልተቆረጠ እንደማይገጥም ነግሮት፣ ልጁ ምንጣፉ ዳር ቆሞ ጸጉሩ ሲቆረጥ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። አገር ሁሉ ሲቆጣ እኔም ተቆጣሁ። ነገር ግን በዚያው ክረምት እኔው ራሴ አንድ ባለ ጎፈሬ ልጅ መሸፈኛ ካላመጣህ ብዬ ወደ መልበሻ ክፍል መልሼዋለሁ። መቀስ አላነሣሁም፤ በእጃችን የነበረው የሕግ መጽሐፍ ግን አንድ ነው። የጸጉር ርዝመት ገደቡ ከ2021–22 ጀምሮ ከሕጉ ወጥቷል። ያ ልጅ መሸፈኛውን አድርጎ ተመለሰና አሸነፈ፤ እጁን ሳነሣለት ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ ነበር።

ባለቤቴ ታዲያ ለምን አትተወውም ትለኛለች። የቤንዚኑን ካወጣሁ በኋላ የሚተርፈኝ ገንዘብ ለጉልበቴ መድኃኒት እንደማይበቃ እርሷም ታውቃለች። መልስ አጥቼ ሳይሆን አፌ ላይ አልመጣ ብሎኝ ነው። የመጨረሻው ቀላል ክብደት ልጆች፣ ከሁሉም ትንሾቹ፣ መሐል ክቡ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፊሽካው ሲነፋ መንቀጥቀጡ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ያንን በዚያ ቅርበት የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ሴቶቹ ልጆች በሜኒሶታ የራሳቸው የግዛት ሻምፒዮና ከተጀመረላቸው ከ2022 ወዲህ ደግሞ አንዲት ልጅ ተሸንፋ እያለቀሰች የአሸናፊዋን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ጎንበስ ብላ ስታስር አይቻለሁ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «እሺ» ትለኛለች፤ በቃ «እሺ» ብቻ።

ልጄ ጋር ደወልኩ። ይህን ጣጣ ያመጣብኝ እርሱ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ዳኛ ስሰድብ አፍሮብኝ «አባዬ፣ ካወቅክ ለምን አትገባበትም?» ያለኝ ቀን ነው ሕጉን አጥንቼ ፈተናውን ለመውሰድ የቆረጥኩት። አሁን እርሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይዟል፤ እኔ ዘጠነኛ ክረምቴን ምንጣፍ ላይ እየተንፏቀቅኩ ነው። «በጀርባህ ስትያዝ ሁለት ሴኮንድ ምን ያህል ይመስልህ ነበር?» አልኩት። ጥቂት አሰበና «አባዬ፣ እዚያ ታች ሆኖ ማን ይቆጥራል?» ብሎ ስለ መኪናው ጎማ ያወራኝ ጀመር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሴኮንድ ቆጣሪውን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአማርኛ ቆጠርኩ፤ 1.4። ደገምኩት፤ 1.9። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፤ 2.3። ተቀምጦ መቁጠርና ተኝቶ መቁጠር አንድ ሊሆን አይችልም ብዬ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ ጉንጬን ከሴራሚኩ አጣብቄ ከፍሪጁ ሥር ባለው ክፍተት የሚገባውን ብርሃን እያየሁ ቆጠርኩ፤ 1.6። አሁንም፤ 2.1። እንደ ገና ልጀምር ስል ባለቤቴ የሚያርር ሽሮ ሸትቷት መጣች። ምድጃውን አጠፋችና በላዬ ቆመች፤ አንዱ እጄ ስልክ ይዟል፣ ሌላው ወለሉን ሊመታ ተነሥቷል።

«ደግሞ ማንን ጣልክ?» አለችኝ።

ከፍሪጁ ሥር የደረቀ የእንጀራ ቁራሽና ከመስቀል ጀምሮ ስንፈልገው የቆየነው ማንኪያ አለ። ቀዩ ማሰሪያ እዚያም የለም።